በሰርጋችን ቀን ሳንደርቅ ፎቶ መነሣት እንፈልጋለን፤ ልምድ ያላችሁ ምከሩን

የለገጣፎ ሙሽሪት
የካቲት 23 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። የሰርጋችን ቀን ከትንሣኤ በኋላ እሑድ ሚያዝያ 26 ተቆርጧል። ሥርዓተ ተክሊሉ ጠዋት በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል፤ ከዚያ በኋላ የምሳው ግብዣ ለገጣፎ በሚገኘው የአባቴ ግቢ ድንኳን ተጥሎ ይደረጋል፤ ወደ ማታ ደግሞ ሙሽራው ይዞኝ ወደ ወላጆቹ ቤት ወደ ኮተቤ ይሄዳል። አዳራሽ ተከራዩ ብለው የመከሩን ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አባቴ ልጁን ከገዛ ደጁ መርቆ መሸኘት ስለሚፈልግ እኔም በደስታ ተስማምቻለሁ።

የምጨነቅበት ጉዳይ ፎቶግራፉ ነው። ታላቅ እህቴ የዛሬ 4 ዓመት ስትዳር የተነሣቻቸው ፎቶዎች የጠሩና ያማሩ ናቸው፤ አልበሙን በገለጥሁ ቁጥር ግን እህቴን አላገኛትም። እህቴ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ደስ ሲላት የአጠገቧን ሰው ክንድ የምትይዝ ሴት ናት። በአልበሙ ውስጥ ያለችው ግን በየገጹ አገጯን ቀና አድርጋ አንድ የማይታይ ነገር የምትመለከት ሌላ ሰው ናት። እናቴም በዚያ ቀን ከወጥ ቤት እየወጣች እልል ስትል፣ መልሳ ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ስትጠርግ እንደዋለች በዓይኔ አይቻለሁ፤ በፎቶ ያለችው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሃያ ሰው ጋር ተደርድራ እጇን አጣምራ የቆመችበት ነው።

እኔ ደግሞ ካሜራ ሲዞርብኝ ፊቴ የሚደርቅ፣ ትከሻዬ ወደ ላይ የሚነሣ ሰው ነኝ። እጮኛዬም ከእኔ አይሻልም። እንደ እኛ ያሉ ሰዎች በሰርጋቸው ቀን ራሳቸውን መስለው እንዲታዩ ምን ማድረግ ይችላሉ? ፎቶ አንሺ ገና አልያዝንም።

ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር
የካቲት 24 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 1፡15

እንኳን ደስ አለዎት። ላለፉት 14 ዓመታት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ሰርግ በማንሣት የምተዳደር ሰው ነኝና በሥራዬ ያየሁትን ልንገርዎት።

ካሜራ ፊት መድረቅ የሰው ጠባይ ብቻ ነው ብለው አይመኑ። ካነሣኋቸው ሙሽሮች መካከል የደረቁት አብዛኞቹ የደረቁት በችኮላ ምክንያት ነው። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ እንግዳው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ወጡ ይቀዘቅዛል፣ የሙሽራው አጎት ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ለፎቶ የተተወች 40 ደቂቃ አለች። በዚያች ጊዜ ውስጥ ፎቶ አንሺው በቃሉ የያዛቸውን አቋቋሞች ከማዘዝ በቀር ሌላ ምርጫ የለውም፤ እጅህን ወገቧ ላይ አድርግ፣ ግንባር ለግንባር ተጋጠሙ፣ ወደዚያ ተመልከቱ ይላል፤ ሙሽሮቹም ይታዘዛሉ። የእህትዎም አልበም እንዲህ ሳይሆን አልቀረም። ስለዚህ ጥያቄዎ ለፎቶ አንሺው ከመቅረቡ በፊት የዕለቱን ፕሮግራም ለሚያወጡት ሰዎች መቅረብ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ፀሐይ ናት። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በሚያዝያ መጨረሻ በቀትር ፀሐይ በአናታችን ላይ ልትሆን የሚቀራት ጥቂት ነው። በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ የቆመች ሙሽራ ዓይኖቿ በቅንድቧ ጥላ ይዋጣሉ፤ ብርሃኑ ሲበዛባት ደግሞ ፊቷን ታጠባብቃለች፤ ይህ ሲሆን ምንም ያህል ደስተኛ ብትሆን ፎቶው ላይ የተቆጣች ትመስላለች። በእርስዎ ሰርግ ዕለት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12፡35 አካባቢ ነው። በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ያ ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በሰሜን አውሮፓ በበጋ የተነሡ የሰርግ ፎቶዎችን አይቶ የምሽቱ ብርሃን ለሰዓታት የሚቆይ የመሰለው ሰው፣ ከሻይ በኋላ እንወጣለን ሲል ጨለማ ይቀድመዋል። ስለዚህ ከ11፡45 እስከ 12፡30 ያለውን ጊዜ ለሁለታችሁ ብቻ አስቀሩልኝ ብዬ ብለምንዎት አይግረምዎ።

ቦታን በተመለከተ ለገጣፎ ውስጥ ሁሉም የሚያስበው ባሕር ዛፉን ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቁልቁል ስለሚንጠለጠል ጥላው እንደ ወንፊት ነው፤ በቀን ሙሽሪትን ከሥሩ ካቆምናት ነጩ ቬሎዋ በብርሃን ነጠብጣብ ይዥጎረጎራል። ማታ ላይ ግን ብርሃኑ ከጎን በግንዶቹ መካከል ሲገባ እንደዚያ ያለ ውብ ቦታ አላውቅም። በቀን የሚሻለው የቤቱ በረንዳ ወይም የግንብ ጥላ ነው፤ ፊታችሁን ወደ ብሩሁ ሜዳ አዙራችሁ ጥላው ውስጥ መቀመጥ ይበቃል።

የድንኳኑንም ቀለም ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ሰማያዊ ወይም ቢጫ ሸራ በቀን ከሥሩ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ በራሱ ቀለም ይነክረዋል፤ በኋላ በኮምፒውተር ቢታሽም የሰው የቆዳ ቀለም እንደ ነበረው አይመለስም። ነጭ ሸራ ግን የፀሐዩን ብርሃን አለስልሶ ለሁሉም እኩል ያካፍላል፤ እኔ ነጭ ድንኳን ያለበት ሰርግ ስደርስ ፍላሼን ከቦርሳ አላወጣም።

ፎቶ አንሺ ሲመርጡ በስልኩ ላይ ያሉትን የተመረጡ ሃያ ፎቶዎች አይተው አይወስኑ። አንድ ሙሉ ሰርግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሳይዎት። በዚያ ውስጥ እናቶችን፣ ወጥ ቤቱን፣ ሕፃናቱን፣ ጥግ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አይቷቸው እንደሆነ ያስተውሉ።

የሰበታዋ
የካቲት 24 ቀን 2017፣ ከቀኑ 7፡05

እህቴ፣ ከላይ ስለ ችኮላ የተጻፈው በእኔ ላይ የደረሰ ስለሆነ ልመስክር። እኛ ሰበታ ላይ ስንጋባ ወደ አንድ ታዋቂ መናፈሻ ሄዶ ፎቶ መነሣት የግድ መስሎን ስድስት መኪና አስከትለን ከተማውን አቋርጠን ሄድን። እሑድ ስለነበር እዚያ ስንደርስ ሌሎች ሰባት ወይም ስምንት ሙሽሮች ነበሩ፤ በአንድ ድልድይ ላይ ለመቆም ተራ ጠበቅን። ከፊታችን የነበሩት ሙሽሮች የቆሙትን አቋቋም እኛም ቆምን፤ ከኋላችን ያሉትም እንደዚያው ሳይቆሙ አልቀሩም። ከሦስት ሰዓት በላይ ከወሰደብን ጉዞ በኋላ ስንመለስ አያቴ ደክሟት ተኝታ ነበር፤ በሰርጌ ቀን ከእርሷ ጋር የተነሣሁት አንድም ፎቶ የለኝም። አያቴ በዓመቱ አረፈች።

መናፈሻዎቹ አያምሩም ማለቴ አይደለም። እንጦጦም ሆነ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነፋሻና ውብ ናቸው፤ የምትወጂው ቦታ ከሆነ ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ሁለታችሁ ብቻ በሥራ ቀን ሂዱና ተነሡ። በሰርጉ ቀን ግን አባትሽ ካዘጋጀው ግቢ አትውጪ። ሰው ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

የድሮ ሰው ከአቃቂ
የካቲት 24 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡20

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሰበሽውን ይፈጽምልሽ። እኔ ግን ተደርድሮ መነሣትን እንደ ጉድለት አድርጋችሁ ስለምትጽፉ ዝም ማለት አልቻልሁም።

የእኔ ሰርግ በ1974 ዓ.ም. ነበር። ፎቶ አንሺው ሁለት ጥቅል ፊልም ይዞ መጣ፤ እያንዳንዱ 36 ነው። 72 ፎቶ ለአንድ ሰርግ ማለት ነው፤ ፊልሙም ማሳጠቢያውም ውድ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ሰው ዓይኑን ቢጨፍን ያ ፎቶ ባከነ ማለት ስለሆነ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን እንቆም ነበር። ከዚያም በፊት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንደ ቦያጂያን ያሉ አርመን ፎቶ አንሺዎች በአዲስ አበባ ሲሠሩ፣ ሰው ፎቶ ሊነሣ ሲሄድ ከሹም ፊት እንደሚቀርብ ተዘጋጅቶና ለብሶ ነበር የሚሄደው። ቀጥ ብሎ መቆሙ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ክብርም ነበር።

ከእናቴ የቀረኝ ፎቶ አንድ ነው። በዚያ በሰርጌ ቀን ከእህቶቿ ጋር ተደርድራ የቆመችበት ነው፤ አትስቅም። ነገር ግን ፊቷ ሙሉ ነው፣ ካባዋ ይታያል፣ አጠገቧ ማን እንደቆመ ይታያል። ዛሬ ልጆቹ ሳቁን ለመያዝ ብለው የሰውን ግማሽ ፊት፣ የሰውን ጀርባ፣ የሰውን እጅ ያነሣሉ። ከ40 ዓመት በኋላ የልጅ ልጅሽ ይህች ማን ናት ብላ ስትጠይቅሽ እጇን አሳይተሽ አትመልሺላትም። ስለዚህ የቤተሰቡን ረድፍ አትተዪ።

ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር
የካቲት 25 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 1፡30

ጋሼ የጻፉትን ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት፤ ትክክል ናቸው። ባለፉት ዓመታት የድሮ ፎቶ እንድሰጣቸው ደውለው የጠየቁኝን ደንበኞች ሳስታውስ፣ ሰው ሲሞት የሚፈለገው ሁልጊዜ ፊት ለፊት የተነሣው ነው። ይህን ባለማሰብ ቀደም ሲል የረድፍ ፎቶን አቃልዬ እናገር ነበርና እርማቱን ተቀብያለሁ።

የረድፍ ፎቶ ሰውን የሚያደርቀው ሲረዝምና ሲደናገር ነው። አንዱ ተጠርቶ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል፤ ሙሽሮቹ ለአንድ ሰዓት ተኩል ፈገግ ብለው ሲቆሙ ጉንጫቸው ይዝላል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሡት ፎቶ ሁሉ የድካም ይሆናል። እኔ የምመክረው የሙሽሪት ወገን፣ የሙሽራው ወገን፣ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድነት፣ ሚዜዎች፣ አያቶች ለብቻቸው የሚሉ ከስምንት የማይበልጡ ረድፎች አስቀድመው ተጽፈው ከየወገኑ ሰውን በስም ለሚያውቅና ድምፁ ለሚሰማ አንድ አጎት ወይም አክስት እንዲሰጡ ነው። እኔ ሰዎቹን አላውቃቸውም፤ ፕሮቶኮሉም አያውቃቸውም። አጎት ሲጠራ ግን ማንም አይቀርም። በዚህ መንገድ በ25 ደቂቃ ይጠናቀቃል። ሽማግሌዎች ወንበር ይሰጣቸው፤ ልጆች መሬት ይቀመጡ፤ ፎቶው ተነሥቶ ሰው ሲበተን ካሜራዬን አላወርድም፤ እርስ በርሳቸው የሚሳሳሙትና የሚሳሳቁት ያን ጊዜ ነውና።

ዲያቆን ከቡራዩ
የካቲት 25 ቀን 2017፣ ከቀኑ 9፡10

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እኅታችን ተክሊሉን ስለጠቀሰች ጥቂት ላክል። ብዙ ጊዜ ሙሽሮች በቤተ ክርስቲያን የሚጨነቁት በሥርዓቱ አይደለም፤ ካሜራውን የያዙት ሰዎች በካህናቱና በእነርሱ መካከል ስለሚገቡ፣ ፍላሽ ስለሚተኩሱ፣ አንዳንዴም ቀለበቱ እንደገና እንዲጠለቅ ስለሚጠይቁ ነው። ሥርዓቱ ጸሎት ነው፤ ቀለበቱ፣ ካባው፣ ቅብዐ ቅዱሱ፣ አክሊሉ እያንዳንዱ የራሱ ጸሎት አለው፤ ለካሜራ ተብሎ አይደገምም።

የደብሩን አስተዳዳሪ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት አነጋግሩና ፎቶ አንሺው የት ድረስ መግባት እንደሚፈቀድለት በግልጽ ይወቅ። ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላ ለብሶ፣ በአንድ ቦታ ቆሞ ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ ቢጠቀም ለሁሉም ሰላም ነው። ይህን ያልሁት ሥርዓት ለማስጠበቅ ቢሆንም ለጥያቄሽም መልስ ይመስለኛል፤ ሙሽሮች የሚነሡ መሆናቸውን ፈጽመው የሚረሱበት ሰዓት ቢኖር ይህ ነው። አክሊል ደፍተው ሲጸለይላቸው ማንም ፈገግ በሉ አይላቸውም፤ ፊታቸውም የእውነት ነው።

ባለ ቪዲዮ
የካቲት 26 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 1፡00

ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ከፎቶ አንሺዎች ጋር የምንጋጨው በመብራት ነው። ድንኳን ውስጥ አመሻሹ ላይ ረዳቴ በዘንግ የያዘውን ኃይለኛ መብራት ሙሽሮቹ ፊት ላይ ካበራሁት ቪዲዮዬ ይጠራል፤ እነርሱ ግን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እንግዳውም ምግቡን ትቶ ወደ እነርሱ ያያል። አሁን ያሉት ካሜራዎች በትንሽ ብርሃን በደንብ ስለሚሠሩ ይህ መብራት እንደ ድሮው አያስፈልግም። በድንኳኑ ምሰሶዎች ላይ ሞቅ ያለ ቀለም ያላቸው አምፖሎች አስቀድመው ከተሰቀሉ ለሁለታችንም ይበቃናል። የቪዲዮውና የፎቶው ባለሙያዎች ከሰርጉ በፊት አንድ ቀን ግቢው ውስጥ እንዲገናኙ አድርጉ። ድሮን አመጣለሁ የሚላችሁ ካለም ፈቃዱን ጠይቁት፤ ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ በምርቃት ሰዓት ከአናት በላይ የሚጮኽ ነገርም ማንንም ዘና አያደርግም።

የለገጣፎ ሙሽሪት
የካቲት 30 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡45

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ከአቃቂ የጻፉትን ለአባቴ ሳነብለት ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም ስምንቱን ረድፎች በራሱ እጅ ጻፋቸው። ድንኳኑን በነጭ ቀይረናል።

ሦስት ጭንቀቶች ግን ቀርተውኛል። አንደኛው ምርቃቱ ነው። አባቴ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው፤ ጉልበቱን ስስም ካሜራ አጠገቡ ካለ እንዳይዘጋ እፈራለሁ። ሁለተኛው እጮኛዬ እጁን የት እንደሚያደርግ አለማወቁ ነው። ሦስተኛው የበልግ ዝናብ ነው።

እመት ሰንዳፋ
መጋቢት 1 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 3፡00

የኔ ልጅ፣ ስለ ምርቃቱ የልጄን ሰርግ ልንገርሽ። ባለቤቴ ልጁን ሊመርቅ ቆሞ፣ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጠራትን የቁልምጫ ስም ጠርቶ መመረቅ ሲጀምር ድምፁ ተቆረጠ። እኛም አለቀስን። ልክ በዚያ ጊዜ ፎቶ አንሺው "አባባ፣ ወደዚህ ዞር ይበሉና እንደገና ይመርቁልን" አለ። ባለቤቴ ሰው ማሳፈር ስለማይወድ ዞረና ደገመው፤ ነገር ግን ሁለተኛው ምርቃት እንደ ንባብ ነበር፤ ስሟንም አልጠራም። በአልበሙ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ነው። እኔ ያን ገጽ ሲገለጥ አላይም።

ስለዚህ ለምትይዢው ልጅ አስቀድመሽ በግልጽ ንገሪው፤ ካመለጠው ያምልጠው፣ አባትሽ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይመርቅ። ምርቃቱ የት እንደሚሆን፣ ማን የት እንደሚቀመጥ በሰርጉ ዋዜማ ያሳዩት፤ እርሱም ቦታውን መርጦ ከሩቅ ይጠብቅ።

አዲስ አባወራ ከሱሉልታ
መጋቢት 1 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡15

ባለፈው ጥር ስለተጋባሁ የእጁን ጉዳይ እኔ ልመልስ። እጅ የሚያስቸግረው ባዶ ሲሆንና ቆሞ ሲቀር ነው። የእኛ ፎቶ አንሺ አንድም ጊዜ ቁሙ አላለንም። ከግቢው በር እስከ ዋርካው ድረስ ቀስ ብላችሁ እየሄዳችሁ ጠዋት ምን እንደበላችሁ ተነጋገሩ ይለን ነበር። ባለቤቴ የቬሎዋን ጫፍ እኔ እንድይዝላት ስትነግረኝ እጄ ሥራ አገኘ። የእህቴን ሕፃን ተሸከምሁ፤ ለአባቴ ወንበር አቀረብሁ፤ ለባለቤቴ ውኃ አጠጣሁ። አሁን የምንወዳቸው ፎቶዎች እነዚያ ናቸው።

ሌላው የጠቀመን ከሰርጉ ሦስት ሳምንት በፊት ከፎቶ አንሺው ጋር አንድ ከሰዓት ማሳለፋችን ነው። የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች አስጨናቂ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የካሜራው ድምፅ ተለመደን። በሰርጉ ቀን ባዕድ ሰው አልነበረም፤ በስሙ የምንጠራው ወንድማችን ነበር።

ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር
መጋቢት 2 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 1፡20

እትዬ ሰንዳፋ የጻፉትን እያንዳንዱ ፎቶ አንሺ ሊያነበው ይገባል። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቻለሁና አንገቴን ደፍቼ አነበብሁት። ምርቃት ላይ 85 ወይም 135 ሚሊሜትር የሆነ ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ ይዞ ከአምስትና ከስድስት ሜትር ርቀት፣ ድምፅ በማያሰማ የካሜራ መዝጊያ ማንሣት ይቻላል፤ አባትዎ ካሜራው የት እንዳለ እንኳ አያውቁም። ሚዜዎችና እንግዶችም በዚያ ሰዓት ሞባይላቸውን እንዲያስቀምጡ ፕሮቶኮሉ አስቀድሞ በትሕትና ይለምናቸው። አባት የሚያየው የልጁን ፊት እንጂ ሠላሳ ስልክ መሆን የለበትም።

ስለ ልብስና ስለ ፊት ቅባትም አንድ ነገር ላስታውስዎ። ካሜራ ነጭ ቬሎና ነጭ ጥበብ በብዛት ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ስለሚመስለው ሥዕሉን ያጨልመዋል፤ የእኛ ፊት ደግሞ አብሮ ይጠቁራል። ባለሙያው ብርሃኑን ከፊትዎ ላይ መለካት አለበት። ይህን ሳያውቁ ቀርተው ችግሩን በሜካፕ ለማካካስ ሙሽራን ከቆዳዋ ሁለት ደረጃ የሚያቀሉ አሉ፤ አንገቷና እጇ ግን ይመሰክሩባታል፤ እርሷም ፊቷ እንዳይፈርስ ስትጠነቀቅ መሳቅ ትፈራለች። ሜካፑ በራስዎ የቆዳ ቀለም ይሁን፤ ቢያለቅሱም የማይፈስ ይሁን። ጠዋት የሚለብሱበትም ክፍል መስኮት ያለው ይሁንና ከአምስት ሰው በላይ አይግባበት።

ዝናብ ከመጣ ድንኳኑ አለልዎት፤ በረንዳውም አለ። ደመና የሚያለሰልሰው ብርሃን ከቀትር ፀሐይ እጅግ ይሻላል። ቀለም የሌላቸው ወይም ነጭ የሆኑ ሁለት ትልልቅ ጃንጥላዎች ይግዙ፤ ቀይና ሰማያዊ ጃንጥላ ፊትን ያቀልማል።

ዋናው ልመናዬ ግን ያው ነው። ምርቃቱን ከ10 ሰዓት ተኩል፣ ጉዞውን ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ማድረግ ይቻል እንደሆነ አባትዎን ይጠይቁልኝ።

የለገጣፎ ሙሽሪት
ግንቦት 20 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡00

ሰርጋችን በሰላም ተፈጽሟል። ፎቶዎቹ በዚህ ሳምንት ስለደረሱን የምክራችሁን ፍሬ ልነግራችሁ ተመለስሁ።

የያዝነው ፎቶ አንሺ አንድ ሙሉ ሰርግ ሲያሳየን መጀመሪያ ላይ የነበረው ፎቶ አንዲት ሴት በርከት ያሉ ድስቶች መካከል ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ ነበር፤ በዚያው ወሰንን። አብረን አንድ ከሰዓት በጉለሌ ቆየን፤ እጮኛዬ ስለ ሥራው ሲጠየቅ እጁን እያወዛወዘ ሲያስረዳ እጁን የት ላድርግ ማለቱን ረሳው። በተክሊሉ ላይ አስተዳዳሪው ቦታ ስለወሰኑለት ከአንድ ምሰሶ ጥግ ሳይነቃነቅ ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የአክስቶቼ ልጆች በሩን ይዘው ሚዜዎቹን አናስገባም ሲሉ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ያነሣው ፎቶ ላይ ሃያ ሦስት ሰው ይታያል፤ ካሜራውን የሚመለከት አንድም የለም።

ሁሉም እንደታሰበው አልሆነም። በ9 ሰዓት የወረደው ዝናብ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለቆየ ረድፎቹን በረንዳ ላይ ተጣብበን ነው የተነሣነው፤ የእናቴ ታናሽ እህት ወጥ ቤት ስለነበረች ቀረች። በመልሱ ቀን ለብቻዋ አስነሥተናታል፤ እርሷ ግን እስካሁን ቅር ብሏታል። እኔም በመጀመሪያዎቹ አሥር ፎቶዎች ላይ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ነው።

አባቴ በረንዳው ላይ መረቀን። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመረቀን፤ ያለውንም ለራሴ አስቀምጠዋለሁ። በፎቶው ላይ የእኔ ፊት ጨርሶ አይታይም፤ ጉልበቱ ላይ ነኝ። የሚታየው የእርሱ እጅና ከኋላው በር ተደግፋ የቆመችው እናቴ ናት፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች። ማንም እንደምትቆም አልነገራትም። ከዚያ ፀሐይ ከደመናው ሥር ወጣችና ሁለታችን በእርጥቡ የባሕር ዛፍ መንገድ ላይ ለ20 ደቂቃ ተራመድን፤ ወደ ኮተቤ የሄድነው ሲጨልም ነው። አጃቢዎቹ ጥቂት አጉረመረሙ፤ አባቴ ግን ቡና ጠጡ ብሎ አስቀመጣቸው።

የድሮ ሰው ከአቃቂ
ግንቦት 21 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 2፡30

እሰይ ልጄ። አሁን የበረንዳውን ረድፍ በወረቀት አሳትሚና ከጀርባው የእያንዳንዱን ሰው ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀኑንም ጭምር፣ በለስላሳ እርሳስ ጻፊበት። በእናቴ ፎቶ ላይ ከቀኝ ሦስተኛ የቆመችውን ሴት ማንነት የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም።

የለገጣፎ ሙሽሪት
ግንቦት 21 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡10

ጋሼ፣ ዛሬ አሳትሜው መጣሁ። እናቴ ስሞቹን እየነገረችኝ እየጻፍሁ ነው፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ደርሰናል።